ትልቅ ጎማ፣ ከፍታ እና የዲፍሬንሻል ጥርስ

በሱሉልታና በአካባቢዋ ፒክአፕ የሚነዳ ሰው ከፋብሪካው መጠን የሚበልጥ ጎማ የሚያስገባው ለመልክ ብሎ አይደለም። ክረምት ሲገባ ከአስፋልቱ ወጥተው ወደ ከብት እርባታዎቹና ወደ ድርቆሽ ማሳዎቹ የሚወስዱት መንገዶች በጥቁር መረሬ አፈር ላይ የሚያልፉ በመሆናቸው፣ መኪናው ከመሬት ከፍ ካላለና የጎማው ጥርስ የያዘውን ጭቃ እያራገፈ ካልሄደ፣ ወተት የጫነ ሰው ጠዋት ከተማ ለመድረሱ እርግጠኛ መሆን አይችልም። ስለዚህም ስለ ጎማ ብዙ ይወራል፤ ጎማው ከተቀየረ በኋላ ስለሚከተለው የዲፍሬንሻል፣ ማለትም ከሞተሩ የሚመጣውን ዙር ቀንሶ ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው የጥርሶች ስብስብ፣ ጉዳይ ግን የሚያነሣ ሰው ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ ማሳየት የምፈልገው፣ እንደኛ ከ2500 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ላይ ጭነት ለሚያመላልስ ሰው የጎማ ለውጥና የዲፍሬንሻል ጥርስ ለውጥ አብረው መታሰብና አብረው በጀት ሊያዝላቸው የሚገባ አንድ ሥራ መሆናቸውን ነው።

መኪናዬ ቱርቦ ያለው፣ በናፍጣ የሚሠራ፣ ባለ አምስት ማርሽ ደብል ጋቢና ፒክአፕ ነው። ሥራው በአብዛኛው ፉርሽካ፣ ፋጉሎና ድርቆሽ ማመላለስ ነው። ሲገዛ የነበረው ጎማ 265/70 አር 16 ሲሆን፣ በእርሱ ምትክ የገባው 285/75 አር 16 ነው። በጎማው ጎን ላይ ከተጻፉት ቁጥሮች ቁመቱን ማስላት አስቸጋሪ አይደለም፤ የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር፣ ሁለተኛው የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶኛ፣ የመጨረሻው ደግሞ የቸርኬው መጠን በኢንች ነው። በዚህ መሠረት የቀድሞው ጎማ ቁመት 777 ሚሊ ሜትር፣ የአዲሱ 834 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ልዩነቱ 7 በመቶ በጥቂቱ ያልፋል። እርግጥ ጭነት የተሸከመ ጎማ ስለሚረግብ በተግባር የሚጓዘው ርቀት ከስሌቱ ጥቂት ያንሳል። ትክክለኛውን የሚፈልግ ሰው በጎማውና በወለሉ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጎ፣ መኪናውን በደልዳላ ቦታ አንድ ሙሉ ዙር በቀስታ በማንቀሳቀስ ርቀቱን በሜትር ቢለካ ከማንኛውም ሠንጠረዥ የተሻለ መልስ ያገኛል።

ሰባት በመቶ ሲሰሙት ትንሽ ቁጥር ይመስላል። ነገር ግን ጎማው በረዘመ መጠን ከመሬት ጋር የሚገናኝበት ነጥብ ከዘንጉ ስለሚርቅ፣ ሞተሩ ያንኑ ጉልበት እየሰጠ መኪናውን ወደ ፊት የሚገፋው ኃይል በዚያው ልክ ይቀንሳል። በሌላ በኩል ጎማው በአንድ ዙር ብዙ መንገድ ስለሚሄድ፣ በተመሳሳይ ፍጥነት ሞተሩ በዝግታ ይዞራል። የአምስተኛው ማርሽ ጥምርታ (የሚወጣው ዘንግ አንድ ጊዜ እንዲዞር የሚገባው ስንት ጊዜ እንደሚዞር የሚያሳየው ቁጥር) 0.85፣ የዲፍሬንሻሉ ጥምርታ 3.727 በሆነ መኪና ላይ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲነዳ፣ በቀድሞው ጎማ ሞተሩ በደቂቃ 1730 ጊዜ ያህል ይዞር የነበረው በአዲሱ ጎማ ወደ 1610 ይወርዳል። ብዙዎቹ ትንንሽ የቱርቦ ናፍጣ ሞተሮች ጉልበታቸውን በሚገባ የሚሰጡት ከዚህ ከፍ ባለ ዙር ላይ ነው። ስለዚህ ነጂው አምስተኛ ማርሽ ያስገባና መኪናው ይጨነቅበታል፤ ወደ አራተኛ ይመልሳል፤ ትንሽ ቁልቁለት ሲያገኝ እንደገና ያስገባል። ከቆመበት ሲነሣ ደግሞ፣ በተለይ ጭነት ይዞ በዳገት ላይ፣ ፍሪሲዮኑን ከቀድሞው ረዘም ላለ ጊዜ ማንሸራተት ግድ ይሆንበታል። ፍሪሲዮኑ ያለ ጊዜው የሚያልቀውም በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ ከፍታው ይጨመራል። በ2500 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ጥግግት ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር 22 በመቶ ያህል ያነሰ ነው፤ ከ3000 ሜትር በላይ በሚደርሰው በእንጦጦ ሰንሰለት ከፍተኛ ቦታዎች ላይ ደግሞ ጉድለቱ ከሩብ ይበልጣል። ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ 1 በመቶ ገደማ ያጣል ተብሎ ይታሰባል። ቱርቦ ያለው ሞተር ይህን ጉድለት በአብዛኛው ይሸፍናል፤ ነገር ግን የሚሸፍነው ቱርቦው በቂ ዙር አግኝቶ አየር መግፋት ከጀመረ በኋላ ነው። ከዚያ ዙር በታች ያለው ሞተር ቱርቦ እንደሌለው ሞተር ነው። እንግዲህ ትልቁ ጎማ ሞተሩን የሚያወርደው ልክ ከፍታው በጣም ወደሚጎዳበት የዙር ክልል ነው። በቆላ አገር የሚኖር ሰው «ይህን ጎማ አስገብቼ ምንም አልሆንኩም» ቢል እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ የእርሱ ተሞክሮ ግን ፉርሽካ ጭኖ ከአዲስ አበባ ወደ እንጦጦ ለሚወጣ መኪና ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

መፍትሔው የዲፍሬንሻሉን ጥምርታ መቀየር ነው። በዲፍሬንሻሉ ውስጥ ከካምቢዮ በሚመጣው ዘንግ የሚዞረው ትንሹ ጥርስ ፒኞን፣ እርሱ የሚያዞረው ትልቁ ክብ ጥርስ ደግሞ ኮሮና ይባላል፤ ጥምርታው የኮሮናው የጥርስ ብዛት ለፒኞኑ የጥርስ ብዛት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው፤ የኔ መኪና ኮሮና 41፣ ፒኞኑ ደግሞ 11 ጥርስ ስለ ነበራቸው ጥምርታው 3.727 ይሆናል። ይህን በጎማው ዕድገት፣ ማለትም በ1.073 ብናባዛው 4.00 ገደማ እናገኛለን። ልክ 4.00 የሆነ ጥርስ ግን እንደ ልብ አይገኝም። በዚህ ዓይነት መኪኖች ላይ በብዛት የሚታዩት 43 ለ 11 የሆነው 3.909፣ 41 ለ 10 የሆነው 4.10፣ 43 ለ 10 የሆነው 4.30፣ ከዚያም 4.556 እና 4.875 ናቸው። ሥራውን የሠሩልኝ መካኒክ መጀመሪያ የመከሩኝ 4.10 እንድወስድ ነበር። «ልጄ፣ 4.10 የጎማውን ይመልስልሃል፤ ትንሽም ይተርፍሃል» አሉኝ። ሂሳቡ ልክ ነው፤ በ4.10 መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ ከነበረው የመግፋት ኃይል 2.5 በመቶ ያህል ብልጫ ያገኛል። እኔ ግን «ጋሼ፣ ጎማው እኮ በቁመት ብቻ ሳይሆን በክብደትም ጨምሯል፤ መንገዴም ዳገት ነው» ብዬ 4.30 እንዲሆን ጠየቅኳቸው፤ ጭነቴንና መንገዴን ስለሚያውቁ ተስማሙ። በ4.30 ብልጫው 7.5 በመቶ ይሆናል፤ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሞተሩ ዙር ወደ 1860፣ በ100 ኪሎ ሜትር ደግሞ ወደ 2325 ይመጣል። ይህ ለናፍጣ ሞተር ምንም የማያስጨንቅ ዙር ነው። አብዛኛውን ጊዜ ባዶውን በአዳማ የፍጥነት መንገድ የሚመላለስ ሰው ቢሆን ኖሮ ግን የመካኒኩን ምክር ተቀብሎ በ4.10 ቢረጋ እመርጥለት ነበር፤ ሞተሩ ጸጥ ይላል፣ ናፍጣም ይቆጥባል።

ከዚያ በላይ መሄድ የራሱ ዋጋ አለው። ጥምርታው እያደገ ሲሄድ የፒኞኑ ጥርስ ቁጥር ይቀንሳል፤ ለምሳሌ 4.875 የሚሆነው 39 ለ 8 ነው። ባለ 8 ጥርስ ፒኞን ከባለ 11 ጥርሱ በቁመናው ያነሰ ስለሆነና ኃይሉን የሚሸከሙት ጥርሶችም ስለሚያንሱ፣ በጭነት ላይ የመሰበር ዕድሉ ይጨምራል። ስለዚህ «ካልቀረ ትልቁን» የሚለው ምክር ለዚህ ሥራ አይሆንም። ጎማው ያልተገዛ ከሆነ ደግሞ ለጎረቤቶቼ ዘወትር የምነግራቸው ሌላ አማራጭ አለ፤ 235/85 አር 16 ቁመቱ 806 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ከፋብሪካው የሚበልጠው በ4 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ጠባብ በመሆኑም ከላይ ያለውን ስስ ጭቃ ሰንጥቆ ጠንካራውን መሬት ይረግጣል። በእንዲህ ያለ ልዩነት ዲፍሬንሻል መንካት አያስፈልግም። በኔ ግምት ከ5 በመቶ በታች የሆነ ለውጥ ይተው፤ ወደ 7 በመቶ የሚጠጋው በደጋና በጭነት ከሆነ ይቀየር፤ ከ10 በመቶ ያለፈው ግን የትም ቢሆን ሳይቀየር መነዳት የለበትም።

ያለውን ጥምርታ በግምት መወሰን አይገባም። በብዙ መኪኖች ላይ የዲፍሬንሻሉ መለያ ኮድ በሞተር ክፍሉ ወይም በበሩ ምሰሶ ላይ ባለው ሰሌዳ ተጽፎ ይገኛል፤ ሆኖም ወደ አገራችን ያገለገሉ ሆነው የገቡ መኪኖች ዲፍሬንሻላቸው ከዚህ ቀደም ተቀይሮ ሊሆን ስለሚችል ሰሌዳውን ብቻ ማመን ይከብዳል። ሳይፈቱ ለማወቅ የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ አጥብቆ አስደግፎ፣ ከኋላ ጎማዎች አንዱን ብቻ በክሪክ አንሥቶ በጠንካራ መቆሚያ ላይ ማሳረፍ፣ የእጅ ፍሬኑን መልቀቅ፣ ማርሹን ነጻ ማድረግ፣ ከዚያም የተነሣውን ጎማ 20 ጊዜ እያዞሩ ከካምቢዮ ወደ ዲፍሬንሻል የሚሄደው ዘንግ ስንት ጊዜ እንደሚዞር መቁጠር ነው። አንዱ ጎማ ስለቆመ ኮሮናው የሚዞረው 10 ጊዜ ነው፤ ስለዚህ የዘንጉ ዙር ለ10 ሲካፈል ጥምርታው ይገኛል። 37 ዙርና ሩብ ከሆነ 3.727፣ 39 ከሆነ 3.909፣ 41 ከሆነ 4.10 ነው። መንሸራተትን የሚከለክል መሣሪያ ያለው ዲፍሬንሻል ግን በዚህ መንገድ አይቆጠርም፤ አንዱ ጎማ ቆሞ ሌላው እንዲዞር በቀላሉ አይፈቅድምና።

የፊትና የኋላ ዲፍሬንሻል አንድ ዓይነት ጥምርታ ሊኖራቸው የግድ ነው። በአራት ጎማ የሚጎተቱት ፒክአፖች አብዛኞቹ በፊትና በኋላ ዘንጎች መካከል ልዩነትን የሚያስተካክል ዲፍሬንሻል የላቸውም፤ የፊቱ ሲያያዝ ሁለቱ ዘንጎች እኩል እንዲዞሩ ይገደዳሉ። የኋላው 4.30፣ የፊቱ 3.727 ሆኖ ቢቀር፣ የፊቱ ጎማ ከኋላው በ15 በመቶ ፈጥኖ ለመሄድ ይሞክራል። በጭቃ ላይ ጎማው እየተንሸራተተ ችግሩን ይደብቀዋል፤ ደረቅ መሬት ላይ ሲደርስ ግን ውጥረቱ የሚወጣው ከብረቶቹ ደካማውን በመስበር ነው። ገንዘብ ያጠራቸው አንዳንድ ሰዎች «የኋላውን ብቻ ቀይሬ የፊቱን አልጠቀምበትም» ሲሉ እሰማለሁ። ትልቁ ጎማ የተገዛው ለጭቃ ከሆነ የፊቱን መተው ዓላማውን ማፍረስ ነው፤ አንድ ቀን መኪናው ጭቃ ውስጥ ሲያዝ ሌላ ሰው የፊቱን የሚያያይዘውን ማንሻ እንደማይስበው ዋስትና የለም። የፊቱ ዲፍሬንሻል በብዙ መኪኖች ላይ በመጠንም በአሠራርም ከኋላው የተለየ ስለሆነ፣ ሁለት የኋላ ጥርስ ገዝቶ አንዱን ለፊት ማድረግ አይቻልም፤ ለፊት የተሠራው በስሙ ተጠይቆ መገዛት አለበት።

ለግዢ የሄድኩት እንደ ሁላችንም ወደ መርካቶ፣ ወደ ሶማሌ ተራ ነው። ኮሮናና ፒኞን በፋብሪካ ተገናኝተው፣ እርስ በርስ ተፋጭተው የሚወጡ ጥንዶች ናቸው፤ በሁለቱም ላይ የተቀረጸው መለያ ቁጥር አንድ መሆን አለበት። አንድ ሻጭ ኮሮናውን ከአንድ ሳጥን፣ ፒኞኑን ከሌላ አውጥቶ «ጥርሱ ያው ነው» ብሎ አቅርቦልኝ ነበር። የጥርሱ ቁጥር ያው ሊሆን ይችላል፤ አብረው ያልተፋጩ ጥርሶች ግን ምንም ያህል ቢስተካከሉ ያፏጫሉ፣ በኋላም ይበላላሉ። ያገለገለ ዲፍሬንሻል ከነ ሙሉ አካሉ፣ ሳይፈታ፣ ከተፈለገው ጥምርታ ጋር ከተገኘ ግን ጥሩ አማራጭ ነው፤ ኮሮናና ፒኞኑ በአንድ ቤት ታስረው ከፊት ለፊት ተጎትተው የሚወጡበት ዓይነት ከሆነ ደግሞ የማስተካከሉ ሥራ ይቀራል። ለአዲስ ጥርስ አብረው መገዛት ያለባቸው ኩሽኔታዎቹ፣ የዘይት ማገጃ ጎሚኒዎቹ፣ እንዲሁም በፒኞኑ ኩሽኔታዎች መካከል የሚገባውና ሲጠብቅ የሚጨማደደው የብረት ቱቦ ናቸው። ይህ ቱቦ አንድ ጊዜ ከተጨማደደ ተመልሶ አያገለግልም።

ዋናው ሥራ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው፤ ባለመኪናም ገንዘቡን መቆጠብ የሌለበት እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ የፒኞኑ ጥልቀት ይወሰናል፤ ይህም ከፒኞኑ ራስ በስተኋላ በሚገቡ ስስ የብረት ቀለበቶች ውፍረት ይስተካከላል። ቀጥሎ የፒኞኑ ኩሽኔታዎች ጥብቀት ይለካል፤ ዳዶው ቱቦውን እየጨማደደ በጥቂት በጥቂቱ ይጠብቃል፣ በየመካከሉም ፒኞኑን ለማዞር የሚፈልገው ኃይል ይለካል። ከልኩ ካለፈ ዳዶውን መልሶ ማላላት መፍትሔ አይሆንም፤ ቱቦው ወጥቶ በአዲስ ይተካል። ከዚያ ኮሮናው ይገባና በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት መርፌ ባለው መለኪያ ይለካል። በቶዮታ ባለ 8 ኢንች ዲፍሬንሻል ላይ ይህ ክፍተት ከ0.13 እስከ 0.18 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። በእጅ እያነቃነቁ «ይበቃል» የሚባልበት ልክ አይደለም፤ ይህ መለኪያ የሌለው ጋራዥ ይህን ሥራ መቀበል የለበትም ብዬ አምናለሁ።

ከቁጥሩ ሁሉ በላይ የሚታመነው ግን የጥርሱ አሻራ ነው። በኮሮናው ጥቂት ጥርሶች ላይ ቀለም ተቀብቶ፣ ኮሮናው በጥቂቱ እየተያዘ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ሲዞር ፒኞኑ የነካበት ቦታ ይታያል። አሻራው በጥርሱ አናት ላይ ካረፈ ፒኞኑ ከኮሮናው ርቋል ማለት ነው፤ ወፍራም ቀለበት ያስፈልገዋል። ወደ ጥርሱ ሥር ከወረደ በጣም ቀርቧል፤ ቀለበቱ ይሳሳል። አሻራው በአናቱና በሥሩ መካከል፣ ከጥርሱ ጫፎችም ራቅ ብሎ ሲያርፍ ሥራው ተሳካ ይባላል። ቀለበት በተቀየረ ቁጥር ፒኞኑ ይወጣል፣ ኩሽኔታው ይነቀላል፣ ክፍተቱም እንደገና ይለካል፤ ስለዚህ ጠንቃቃ መካኒክ ለመጨረሻው ልክ እስኪደርስ ድረስ አሮጌ ኩሽኔታ ውስጡን በመሞረድ አላልቶ መሞከሪያ ያደርገዋል። መካኒኩ የኋላውን አሻራ ጠርተው ሲያሳዩኝ በሁለቱም የጥርስ ገጾች ላይ መሐል ለመሐል አርፎ ነበር። ሥራውን የሚያሠራ ሰው ሁሉ ዲፍሬንሻሉ ከመዘጋቱ በፊት ይህን አሻራ ለማየት ይጠይቅ፤ ሥራውን የሚያውቅ መካኒክ በጥያቄው አይቀየምም።

ስለ ፍጥነት ቆጣሪው በአጭሩ ልናገር። በኔ መኪና ፍጥነት የሚለካው ከካምቢዮ በሚወጣው ዘንግ ዙር ስለሆነ፣ ትልቁ ጎማ ብቻውን በነበረበት ጊዜ ቆጣሪው 80 ሲያሳይ መኪናው የሚሄደው በ86 ገደማ ነበር፤ የተጓዘው ርቀትም አንሶ ስለሚመዘገብ 5000 ኪሎ ሜትር ሲል እውነቱ ከ5350 በላይ ነው። ዘይት በቆጣሪው የሚቀይር ሰው በዚህ ምክንያት ይዘገያል፤ የናፍጣ ፍጆታውንም ከእውነቱ አብልጦ ያሰላል። 4.30 ከገባ በኋላ ነገሩ ተገልብጦ፣ በ80 ስሄድ 86 ያሳየኛል። ይህ ከቀድሞው ይልቅ ለጥንቃቄ የሚያመች ስሕተት ቢሆንም መስተካከል አለበት፤ እንደ መኪናው ዓይነት የቆጣሪውን ትንሽ ጥርስ በመቀየር ወይም ምልክቱን በሚያስተካክል አነስተኛ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ ይስተካከላል። ፍጥነቱን ከጎማዎቹ የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሥርዓት) ሴንሰር በሚወስዱ መኪኖች ላይ ግን የዲፍሬንሻል ለውጥ ቆጣሪውን አይነካውም፤ የጎማው ስሕተት እንዳለ ይቀራል።

አብዝቼ የማሳስበው ስለ ቁልቁለት ነው። ከእንጦጦ ወደ ከተማው ሲወረድ፣ ወይም ወደ ሰሜን ሄዶ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ፣ ጭነት የያዘን መኪና መያዝ ያለበት ሞተሩ ነው፤ ፍሬን ያለማቋረጥ ከተረገጠ ይግላል፣ ከጋለም መያዙን ይተዋል። ትልቅ ጎማ የሞተሩን የመያዝ ኃይል ይቀንሳል፤ የ4.30 ጥርስ ይህን ከመመለስ አልፎ ከቀድሞው ያሻሽለዋል፤ በሦስተኛ ማርሽ ስወርድም ልዩነቱን ወዲያውኑ ተረድቼዋለሁ። የእግር ፍሬኑን ግን ዲፍሬንሻሉ አይረዳውም። የረዘመው ጎማ በፍሬኑ ላይ ያለውን ጫና በ7 በመቶ እንደጨመረ ነው፤ ክብደቱም ተጨማሪ ነው። ስለዚህ የፍሬን ሸራዎቹና ዲስኮቹ በደንብ ተፈትሸው፣ የፍሬን ዘይቱም ተቀይሮ እንጂ ትልቅ ጎማ ተጭኖ ጉዞ መጀመር የለበትም። ጎማው መሪ ሙሉ በሙሉ ሲዞርና ባሌስትራው በጭነት ሲረግብ የፍሬን ቱቦ እንዳይነካም መታየት አለበት።

አዲስ ጥርስ ከገባ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት መኪናው አይጫንም። በእነዚህ ዲፍሬንሻሎች ውስጥ የፒኞኑ መሐል ከኮሮናው መሐል ጋር ስለማይገጥም ጥርሶቹ እየተንከባለሉ ብቻ ሳይሆን እየተንሸራተቱም ይሠራሉ፤ በዚህም ምክንያት ከፍተኛ ጫና የሚቋቋመው የጂኤል-5 ደረጃ ያለው ዘይት፣ ለምሳሌ 80ደብልዩ-90፣ ያስፈልጋቸዋል። የመጀመሪያው ጉዞ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በለስላሳ ፍጥነት ይነዳና መኪናው ቆሞ ሙሉ በሙሉ እንዲቀዘቅዝ ይደረጋል፤ ይህም ጥቂት ጊዜ ይደገማል። እስከ 800 ኪሎ ሜትር ድረስ ከባድ ጭነትና ተጎታች አይፈቀድም፤ ከዚያ ዘይቱ ሞቅ ባለበት ይቀየራል። በማፍሰሻው ቡሎን ማግኔት ላይ እንደ ቅባት የላመ ግራጫ ብናኝ መገኘቱ ጥርሶቹ እየተለማመዱ ለመሆናቸው ምልክት ስለሆነ አያሳስብም፤ በጣት የሚያዝ ስንጥር ወይም ፍልጥ ብረት ከተገኘ ግን መኪናው ሳይነዳ ዲፍሬንሻሉ መከፈት አለበት። የፊቱ የሚሠራው በአራት ጎማ ሲነዳ ብቻ በመሆኑ ይህን ርቀት ለመሙላት ወራት ሊወስድበት ይችላል፤ ስለዚህ እርሱን ርቀት ሳልጠብቅ፣ ክረምቱ ሲያልቅ በመስከረም እንዲቀየር ይዤዋለሁ።